ኢብኑ ሲና የጻፉለትና የሞቱበት የሆድ ሕመም



ከኩርሙክ አንድ ወንድማችን ጽፈውልናል። ታላቅ ወንድማቸው ሁለት ሳምንት ያህል ተቅማጥ ይዟቸው ሻል ካላቸው በኋላ፣ መጣ ሄድ የሚል ብርቱ ቁርጠት ይጀምራቸዋል። የቤቱ ሰው «ሆዱ ደርቆ ነው» ብሎ ሰነመኪ አፍልቶ ያጠጣቸዋል፤ ሆዳቸውንም በዘይት ያሻቸዋል። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ማስመለስ ሲጀምራቸው በጭነት መኪና ወደ አሶሳ ይወሰዳሉ። ሐኪሙ «አንጀቱ አንጀቱ ውስጥ ገብቷል» ብሎ በቀዶ ሕክምና አተረፋቸው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ጠያቂያችን ታዲያ «ይህ በሽታ አዲስ ነው ወይስ የጥንቶቹ የሙስሊም ሐኪሞች ያውቁት ነበር?» ይላሉ።

የአንጀት መዘጋትን በሚገባ ያውቁት ነበር። ኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው የትልቁን አንጀት መዘጋት «ቁለንጅ»፣ የቀጭኑን ደግሞ «ኢላውስ» ብለው ለይተዋቸዋል። ኢላውስ የጸናበት ሰው ዓይነ ምድር የሚመስል ነገር እስከ ማስመለስ ይደርሳል። ሐኪሞቹ የስሙን ትርጉም «ጌታ ሆይ እዘን» ብለው ይፈቱት ነበር፤ በላቲንም ያንኑ በሚመስል ስም ተጠርቷል። በሽታው ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ከስሙ ብቻ ይታወቃል። ከእርሳቸው በፊት አር-ራዚም ስለ ቁለንጅ ለብቻው መጽሐፍ ጽፈዋል።

ኢብኑ ሲና ስለ ቁለንጅ የጻፉት ፈርደጃን በተባለ ምሽግ ታስረው ሳሉ ነው። ይህን የምናውቀው ደቀ መዝሙራቸው አል-ጁዝጃኒ ታሪካቸውን ስለ መዘገበልን ነው። ከዓመታት በኋላ ያው በሽታ ራሳቸውን ያዛቸው። ከአሚሩ ከዐላኡድ-ደውላ ጋር በጦር ጉዞ ላይ ነበሩና፣ ሠራዊቱ ሲሸሽ ታመው ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ሰግተው በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ከታች መድኃኒት አስገቡ። አንጀታቸው ቆሰለ። ባዘዙት ውህድ ውስጥ የሚገባውን ፍሬ ሌላ ሐኪም ከታዘዘው እጅግ አብዝቶ ጨመረበት፤ አንድ አገልጋይ ደግሞ በሌላው መድኃኒታቸው ውስጥ ኦፒየም አበዛባቸው። ባሪያዎቻቸውን ነፃ አውጥተው፣ ገንዘባቸውን ሰደቃ ሰጥተው በ428 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1037) በወርኃ ረመዳን ሐመዳን ከተማ ላይ ሞቱ። የያዛቸው አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባቱ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን በችኮላና በመድኃኒት ብዛት የተጎዳ ሆድ ታሪክ ነውና የኩርሙኩን ደብዳቤ ስናነብ ትዝ ያለን እርሱ ነው።

በእኛ አገር ይህን ሁሉ «አንጀት ታጠፈ» ብለን እናልፈዋለን። ሐኪሞች ግን ይለዩታል። በኢትዮጵያ አዘውትሮ የሚታየው አንጀት እንደ ገመድ ሲጠመዘዝ ነው። የጠያቂያችን ወንድም ሕመም ሌላ ነው፤ የሸሚዝ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ እንደሚሆነው፣ የላይኛው አንጀት በታችኛው ውስጥ ይገባል። በተቅማጥ፣ በታይፎይድ፣ በአሜባ ወይም በአንጀት ቲቢ ምክንያት የአንጀት ግድግዳ ያብጣል። አንጀት ምግብ ወደ ታች የሚገፋበት እንቅስቃሴ ያንን እብጠት እንደ ጉርሻ ይዞ ይጎትተዋል። አብረው የተጎተቱት የደም ሥሮች ይታነቃሉ፤ ደም ያልደረሰው አንጀትም ይሞታል፣ ይበሳል።

በብዛት የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ አዋቂዎች ናቸው። በአዋቂ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው እጢ ስለሆነ፣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ከመተው በፊት ሐኪም ያንን ይመረምራል።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ቶሎ አልደረሱበትም። የአምስተርዳሙ ባርቤት በ1674 ጻፈለት፤ ሆድ ከፍቶ በሽተኛውን በማዳን ስሙ የሚነሣው ግን በ1871 የሁለት ዓመት ሕፃን ያዳነው የለንደኑ ሀቺንሰን ነው። ማደንዘዣ የተለመደው ከ1846 ወዲህ፣ ቁስልን ከመመረዝ የመጠበቁ ዘዴ ደግሞ ከ1867 ወዲህ ነውና፣ ኢብኑ ሲና ሆድ ልክፈት ቢሉ ኖሮ በሽተኛው በሥቃዩ ወይም በመግሉ ያልቅ ነበር።

ሰነመኪ ለድርቀት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ አንነቅፈውም። አንጀት ሲዘጋ ግን የሚያስቀምጥ ነገር ሁሉ፣ ሰነመኪም ሆነ የጉሎ ዘይት፣ የታነቀውን አንጀት የባሰ ይገፋዋል። ማሸትም እንዲሁ ይጎዳል። መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ የሆድ መነፋት፣ አየር እንኳ አለመውጣት፣ ደም የተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ከታየ ምንም ሳያጠጡ መንገድ መጀመር ነው። ከኩርሙክ አሶሳ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማይቱ በ2011፣ ኋላም ከ2023 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ወገኖችን ተቀብላለችና፣ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ውኃ አፍልቶ መጠጣት የተቅማጡን መነሻ ይቀንሳል።

ጠያቂያችን በመጨረሻ «ወንድሜ ረመዳንን ይጹም?» ብለዋል። ቀዶ ሕክምና ያደረገላቸውን ሐኪም ይጠይቁ፤ ሐኪሙ ከከለከላቸው ሲድኑ ቀዷ ያወጣሉ።