የዓሣ ሆድና የጆንያ ሆድ

እህል በረንዳ የዋለ ሰው በአሜሪካኖች የዓሣ ማጥመድ ውድድር ብዙም አይገረምም። አንዱ መርካቶ መሐል፣ ሌላው ሐይቅ ላይ ነው። አንዱ ጋ ጤፍና ስንዴ ይመዘናል፣ ሌላው ጋ ዓሣ። የቀኑ ፍርድ የሚሰጠው ግን ሁለቱም ቦታ ሚዛን ላይ ነው። ሚዛን ባለበት ደግሞ ሚዛኑን ለማታለል የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ዓሣውን ላስተዋውቃችሁ። “ስሞልማውዝ ባስ” ይሉታል፤ “አፈ ትንሹ ባስ” እንደ ማለት ነው። የሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች ተወላጅ ነው። የእኛ አጥማጅ ጣናም ሆነ ዝዋይ ላይ መረቡን የሚጥለው ለእንጀራው ነው፤ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሸጦ ልጆቹን ያሳድርበታል። ይኼ ባስ የተባለው ዓሣ ግን በይበልጥ ስሙ የገነነው በጠባዩ ነው። መንጠቆ ሲይዘው በቀላሉ አይሸነፍም፤ ከውሃው እየዘለለ ይታገላል። ስለዚህ ሰዎቹ ይወዳደሩበታል።

ውድድሩን በዛሬው መልኩ ያስያዙት ሬይ ስኮት የሚባሉ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 አርካንሶ ውስጥ ቢቨር በተባለው ሐይቅ ላይ 106 አጥማጆችን ሰብስበው፣ ከእያንዳንዳቸው 100 ዶላር ተቀብለው አወዳደሩ። ደንቡ እያደር ተሻሻለ። ዛሬ በአብዛኛው ተወዳዳሪው ጎህ ሲቀድ በጀልባው ይወጣል፤ የያዛቸውን ዓሦች ጀልባው ውስጥ ባለ የውሃ ሳጥን በሕይወት ያቆያል፤ በተቆረጠው ሰዓት ተመልሶ የመረጣቸውን አምስት ዓሦች ሚዛን ላይ ያወጣል። ድምር ክብደቱ የበለጠ ያሸንፋል። የዘገየ ይቀጣል፣ ዓሣው የሞተበትም ይቀጣል። ዓሦቹ ከተመዘኑ በኋላ ወደ ውሃቸው ይመለሳሉ፤ ይህን ልማድ ስኮት በውድድሮቻቸው ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

መቼም ሲሰሙት ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ችግሩ ክብደቱ ገንዘብና ዝና መሆኑ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 በኬንታኪና በቴነሲ ድንበር ላይ ከሚገኘው ዴል ሆሎው ሐይቅ 11 ፓውንድ ከ15 አውንስ፣ ማለትም 5.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ስሞልማውዝ ባስ ወጣ። የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዘገበ። ከ40 ዓመት በኋላ ግን ጉድ ተሰማ፦ አንድ የጀልባ ማረፊያ ሠራተኛ በዚያው ዘመን “ዓሣው ሆድ ውስጥ ብረት ጨምሬበታለሁ” ብሎ የሰጠው ቃለ መሐላ ብቅ አለ። በ1996 ክብረ ወሰኑ ተሰረዘ። እንደገና ተመረመረና ደግሞ በ2005 ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ዓሣው ከተያዘ 50 ዓመት ሆኖታል! ሆዱን ከፍቶ የሚያይ ቀርቶ ዓሣው ራሱ የለም። የቀረው የሰው ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ ጨመርኩ ይላል፣ ሌላው አልተጨመረም ይላል።

በመስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) ኢሪ ሐይቅ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ውድድሩ ዎልአይ በተባለ ዓሣ ነበር። የሁለት ተወዳዳሪዎች ዓሦች ለቁመታቸው ከሚገባው በላይ ከበዱ። የውድድሩ ኃላፊ ጠርጥረው፣ ሕዝብ ፊት፣ ቢላ አንሥተው የዓሣውን ሆድ ቀደዱ። የወጣው እርሳስ ነበር! ከእርሳሱ ጋርም የሌላ ዓሣ ሥጋ ተጠቅጥቋል። “ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል” የሚለውን ተረት እኛ ለነገር ቆስቋሽ እንናገረዋለን፤ እዚያ ግን ዘንዶው በደኅና ወጣ። ሰዎቹ በ2023 ጥፋታቸውን አምነው 10 ቀን ታሰሩ፤ ጀልባቸው ተወረሰ፤ የማጥመድ ፈቃዳቸውም ለሦስት ዓመት ታገደ።

አሁን ወደ እህል በረንዳ እንመለስ።

አባቶቻችን እህልን አይመዝኑም ነበር፤ ይሰፍራሉ። መስፈሪያው ቁና ነው፤ በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ሚዛን የሚወጣው ወርቅና የመሳሰለው ውድ ነገር ነበር፤ አንድ ወቄት በአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ይለካል። የቁናው ጣጣ ታዲያ ያገሩ ቁና እንደ ያገሩ መሆኑ ነው። የዚህ ወረዳ ቁና ከዚያኛው ይሰፋል፣ ከዚያኛው ይጠባል። በዚያ ላይ እስከ ከንፈሩ ይሰፈር ወይስ ተከምሮ? እየተነቀነቀ ወይስ ሳይነካ? ጠቡ እዚህ ላይ ነበር።

ጣልያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲመሠርት የእህሉም ንግድ አብሮ ተጓዘ። በ1950ዎቹ ዓ.ም ሜትሪክ መለኪያ በአዋጅ ተደነገገ። ኪሎና ኩንታል ነገሠ፣ ባስኩላም ተተከለ። ከእንግዲህ ብረት ይፈርዳል፣ ክርክር አበቃ ተባለ። የት አባቱ! ክርክሩ ከቁናው አፍ ወደ ጆንያው ሆድ ገባ እንጂ።

ባስኩላ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንደሆነ አይናገርም። እርሳሱንም ዓሣ ብሎ ይመዝነዋል፣ ጠጠሩንም ጤፍ ብሎ። ከላይ ማኛ፣ መሐሉ ላይ አፈርና እብቅ፤ ወይም ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የተርከፈከፈበት ስንዴ። ነጋዴው መላ አላጣም። ሹል፣ ውስጡ ክፍት ብረት ይዞ ጆንያውን ጎኑ ላይ ይወጋል፤ ብረቱም ከመሐል እፍኝ ያህል ይዞ ይወጣል። ያንን መዳፉ ላይ አፍስሶ ያያል፣ ያሸታል፣ ጥርሱ መሐል አድርጎ ይሰብረዋል። ለእኔ ይህ ብረት የዚያ የኢሪ ሐይቅ ቢላ ወንድም ነው።

ደላላውም የተፈለገው ለዚሁ ነው። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የታወቀ የጥራት ደረጃ ባለመኖሩ እያንዳንዱን ጭነት በዓይን ማየት ግድ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ደግሞ ሁሌ አዲስ አበባ መምጣት አይችልም። ስለዚህ እህሉን ለሚያምነው ደላላ ይልካል፣ ደላላው አይቶ ይሸጥለታል። ደላላ ስንል ቶሎ ስድብ ይቀናናል፤ እዚያ ሰፈር ግን የደላላው ካፒታል ስሙ ነው። አንዴ ከዋሸ ማን ጭነት ይልክለታል? በ2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም፣ በእሌኒ መሪነት፣ ይህን የሰው ቃል በመጋዘን ምዘናና በደረጃ ወረቀት ለመተካት ያለመ ነበር። በበቆሎና በስንዴ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ።

እንግዲህ ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ጆንያ መውጊያ አለ፣ ስም አለ፣ ቅጣትም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኩንታሉ ተፈትቶ፣ በየሰፈሩ ሱቅ በኪሎ ሲቸበቸብ የጆንያውን ሆድ የሚከፍተው ማነው? በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ ሲገኝ በመንግሥት ቋንቋ “ባዕድ ነገር” ይባላል። ባዕዱን ነገር በመጨረሻ የምታገኘው ግን ሰፌድና ወንፊት ይዛ በረንዳዋ ላይ የተቀመጠችው እናት ናት።

እስቲ እናስላው። ከገዛችው 50 ኪሎ ጤፍ ውስጥ ሁለቱ ኪሎ አፈርና ጠጠር ቢሆን፣ ለአፈሩ የጤፍ ዋጋ ከፍላለች። ለተሸካሚው አፈር አሸክማ ከፍላለች። ከዚያ ደግሞ ከሰዓቷን ሙሉ አጎንብሳ ስታበጥርና ስትነፋ ትውላለች፤ የዚህን ደመወዝ የሚከፍላት የለም። ያ ጠጠር የጨመረው ሰው ጀልባም አልተወረሰበት፣ ፈቃድም አልታገደበት። እሷም አትጮህም፤ ጠጠሩን ለቅማ ደጅ ትጥለዋለች፣ በቃ።

አሜሪካኖቹ ለአምስት ዓሣ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ ለዕለት እንጀራችን ቢያንስ አንድ ቢላ አያንሰንም። ሱቁ ደጃፍ፣ ሰው እያየ፣ ጆንያውን የሚወጋ ተቆጣጣሪ ይኑረን። የተገኘው ጠጠርም ይመዘን፤ ዋጋውንም ሰፌድ የያዘችው ሳትሆን የጨመረው ሰው ይክፈል።