«እንቅልፍ» ወይስ «ድንዛዜ»? የሌሊት ወፎችን ሳይነኩ ስለ መለየት ታሪክና ስለ አንድ ስያሜ

የሥነ ሕይወት ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው፣ የአውሮጳ የሌሊት ወፎች ቀዝቃዛውን ወራት በዋሻ የሚያሳልፉበትን ሁኔታ «የክረምት እንቅልፍ» ብሎ ማለፍ ይቀለው ይሆናል። ስያሜው ግን በሁለት በኩል ያሳስታል። አንደኛ፣ በእኛ አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናም ወቅት እንጂ የውርጭ ወራት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁኔታው እንቅልፍ አይደለም። የእንስሳው ሙቀት ወደ ዋሻው ሙቀት ይወርዳል፤ የልቡም ምት እጅግ ይዘገያል። የተኛ ሰው ቢቀሰቀስ የሚያጣው ዕረፍቱን ነው፤ የደነዘዘ የሌሊት ወፍ ግን ሰውነቱን ለማሞቅ ያከማቸውን ስብ ያቃጥላል። ደጋግሞ ከተቀሰቀሰ ብርዱ ሳያልፍ ስንቁ ያልቃል።

ይህ በሚገባ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጀርመንና በኔዘርላንድ የነበሩ ተመራማሪዎች በየዋሻው ያገኟቸውን እያነሡ በክንዳቸው ላይ ቀለበት ያስሩ ነበር። ዘዴው ስለ ጉዞአቸውና ስለ ዕድሜአቸው ብዙ አስተምሯል። ጉዳቱ እየታወቀ ሲሄድ ግን ጥናቱ በዓይን ብቻ ወደ መቍጠር አዘነበለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቶማስ ባሳተመው ጥናት፣ ጎብኚ ባይነካቸውም እንኳ መግባቱ ብቻ እንደሚያነቃቸውና እንቅስቃሴአቸው ለሰዓታት እንደሚቀጥል አሳየ።

እንግዲህ ቈጣሪው ባጭር ጊዜ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ከሩቅ የሚታየውን ብቻ ይዞ መወሰን አለበት። ባለፈረስ ጫማ አፍንጫው ዝርያ በክንፉ ተጠቅልሎ ስለሚንጠለጠል በቀላሉ ይለያል። ጆሮ ረጅሙ ግን ጆሮውን ከክንፉ ሥር ስለሚደብቅ፣ በጆሮው ፊት ያለችው ሹል ሥጋ ብቻ ትታያለች፤ ያላወቀ ሰው እርሷን ጆሮ ብሎ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ኩል በ1817፣ ኤቨርስማን በ1845 እ.ኤ.አ. የሰየሟቸው ሁለት ባለጢም ዝርያዎች ከመቶ ዓመት በላይ እንደ አንድ ሲታዩ ኖረው፣ መለያየታቸው በሰፊው የታወቀው ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በእርግጠኝነት ለመለየት ግን ጥርሳቸውን የመሰለውን ምልክት መመርመር፣ ማለትም መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዋሻ ቈጣሪዎች ሁለቱን በጥምር ስም በአንድ ረድፍ ይመዘግባሉ። ይህ የዕውቀት ጕድለት ሳይሆን ታማኝነት ነው፤ ስሙ ከታየው በላይ አይናገርም።

እኛም በዚሁ መንፈስ «የቍር ወራት ድንዛዜ» የሚለውን እናቀርባለን። በብርድ የተያዘ እጅ «ደነዘዘ» ስለሚባል ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። «ድንዛዜ» ብቻውን ግን የአካል መደንዘዝንና የአእምሮ መፍዘዝን ስለሚያመለክት፣ «የቍር ወራት» የሚለው ቅጽል አይቀሬ ነው። በዋሻ ደጃፍ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ «የተኙ እንስሳት አሉ» ቢል፣ አንባቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል፤ «የደነዘዙ ናቸው፤ መንቃት ሊገድላቸው ይችላል» ቢል ግን ከደጅ ይመለሳል።