የሁለቱ ባትሪዎች ነገር፤ ፖርሽ 911 ሚዛኑን ያገኘው በምንድን ነው?

ስለ ስፖርት መኪና በሚያወሩና በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ አንድ ታሪክ ተደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም የጀርመኑ የፖርሽ ፋብሪካ 911 የተባለው መኪናው በመታጠፊያ ላይ ኋላው ወደ ውጭ የመሸሽ ጠባይ ስላስቸገረው፥ አንዱን ባትሪ በሁለት ባትሪ ተክቶ በፊተኛው ግራና ቀኝ ማዕዘን አስቀመጠ፤ ጠባዩም ታረመ የሚል ነው። ታሪኩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለባትሪው የተሰጠው ምስጋና ከሥራው በላይ መሆኑን በቁጥር ማሳየት ይቻላል፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ባትሪ ለምን ቦታው እንደሚለዋወጥ ማወቅ ያሻል። ከመኪና ከባድ ክፍሎች መካከል ሞተሩ፥ ካምቢዮውና ሰሚያሶው እርስ በርሳቸው በብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ያለሌላው አይነቃነቅም። ባትሪ ግን ከሌላው ጋር የሚገናኘው በሽቦ ብቻ ነው። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በጠባዩ ከባድ ነው። በ1912 ካዲላክ መኪናውን በእጅ ማስነሳት አስቀርቶ የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ካገባ ወዲህ ደግሞ ይህን ሸክም ያልተሸከመ መኪና እምብዛም አልተገኘም። ስለዚህ መሐንዲስ የመኪናውን ሚዛን ማረም ሲፈልግ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በባትሪው ላይ ነው።

911 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበው በመስከረም 1963 በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን ነው። ያን ጊዜ ስሙ 901 ነበር፤ በመሐከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኀዝ ስም የእኔ ነው ብሎ የፈረንሳዩ ፔዦ ስለ ተቃወመ ወደ 911 ተለወጠ። ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የተቀመጠውም ከኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ አልፎ ነው። ከመኪናው ክብደት በፊት ጎማዎች ላይ ያርፍ የነበረው 41 በመቶ ያህል ብቻ ነው ይባላል።

የዚህን ትርጉም በጋሪ መረዳት ይቻላል። የጋሪ ጭነት ወደ ኋላ ሲበዛ ዘንጉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ፈረሱም መሬቱን አጥብቆ መርገጥ ያቅተዋል። የ911 የፊት ጎማዎችም እንዲሁ በፍጥነት ጊዜ ይቀልላሉ። ይልቁንም የሚያስፈራው በመታጠፊያ ላይ ነው። ነጂው በፍጥነት ገብቶ ደንገጥ ሲል በልማድ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ያነሣል፤ ወዲያው ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎች መሬቱን የሚጨብጡበት ኃይል ይቀንሳል፤ ከእነርሱም በስተኋላ ያለው ከባዱ ሞተር እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወደ ውጭ ይስባል። ጥንቃቄ አደረግሁ ባለበት ቅጽበት መኪናው ዞሮ ከመንገድ ይወጣል። እንግዲህ ነገሩ የምቾት ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ፋብሪካው በመጀመሪያ የሰጠው መድኃኒት ያስገርማል። በፊተኛው ፓራውልት ውስጥ በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ብረቶች ደበቀ። ቀላል መኪና በመሥራት ስሙን ያገኘ ፋብሪካ ሆን ብሎ ሥራ የሌለው ብረት በመኪናው አፍንጫ ላይ መጫኑ ምን ያህል እንደ ተቸገረ ይመሰክራል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1968 አጋማሽ፥ ለ1969 በተዘጋጁት መኪናዎች ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገሮች አብረው ተደረጉ። አንደኛው የምንናገርለት ነው፤ በአንዱ ባትሪ ፈንታ 36 አምፔር ሰዓት ገደማ የሚይዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች፥ ከፊት መብራቶች በስተጀርባ በፓራፋንጎዎቹ ውስጥ በተሠሩ ሣጥኖች ገቡ። ሁለቱ በትይዩ ስለ ተያያዙ ቮልቱ ያው 12 ነው፤ የሚይዙት መጠን ግን ተደመረ። ሁለተኛው ለውጥ ብዙ ወሬ የለውም። የኋላ ጎማዎችን የያዙት ክንዶች ረዘሙና፥ ሞተሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ጎማዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሰሚያሶዎቹም ወደ ኋላ ዘንበል ብለው እንዲሠሩ ተደረገ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መሐከል ያለው ርቀት ከ2,211 ወደ 2,268 ሚሊሜትር አደገ። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር፥ ማለት አራት ጣት የማይሞላ ነው።

ከዚህ በኋላ በፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ክብደት ወደ 43 በመቶ ከፍ አለ ይባላል። ከሁለቱ ለውጦች የየትኛው ድርሻ ይበልጣል?

መኪናው 1,080 ኪሎ ይመዝናል፥ ከዚህም 41 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ነው እንበል። 2,211 በ0.41 ሲባዛ የክብደቱ ማዕከል ከኋላ ጎማዎች 907 ሚሊሜትር ወደ ፊት መሆኑ ይገኛል። የኋላ ጎማዎች በ57 ሚሊሜትር ሲርቁ ይህ ቁጥር 964 ይሆናል፤ ይህንንም ለ2,268 ብናካፍለው 42.5 በመቶ እናገኛለን። እንግዲህ ባትሪው ሳይነካ፥ በጎማዎቹ መራቅ ብቻ አንድ ተኩል በመቶ ተገኝቷል። ወደ ባትሪዎቹ ስንመጣ ሁለቱ ከቀድሞው ከአንዱ በ10 ኪሎ ይበልጣሉ፥ ቦታቸውም ከፊት ጎማዎች መሐል ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ነው ብለን እንገምት (ግምቱ የእኛ ነው)። ከጎማው አልፎ የተቀመጠ ጭነት የኋላውን ያነሣልና፥ ይህ 10 ኪሎ በፊት ጎማዎች ላይ 12.2 ኪሎ ጨምሮ ከኋላዎቹ 2.2 ኪሎ ያቃልላል። በዚህም ሚዛኑ ከ42.5 ወደ 43.2 በመቶ ብቻ ይደርሳል። የባትሪውን ግምት በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ ከጎማዎቹ ድርሻ አይበልጥም።

ባትሪ ጥቅሙ በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ክብደት በሁለቱ ጫፎች ሲሆን መኪናው ቶሎ አይዞርም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ግን በሁለት ጫፉ ጭነት የታሰረበት ረጅም ዘንግ መዞር ለመጀመር እንደሚዘገይ ሁሉ፥ አንዴ ከጀመረ ለማቆምም ያስቸግራል። ይህ ለነጂው ምን ያህል ረድቶታል ማለት ያጠራጥራል። ይልቅስ ለመሐንዲሶቹ የሚገባቸው ምስጋና ሌላ ነው ብለን እናምናለን፤ በሙት ብረት ፈንታ ሥራ ያለው ክብደት በመኪናው አፍንጫ ላይ አኑረዋል።

ታዲያ ስሙ ለባትሪው የተረፈው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ዓይን ይመስለናል። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ሁለት ባትሪ ያያል፥ ይደነቃልም። የአራት ጣት ርቀትን ግን ሜትር ሳይዝ የሚያይ የለም።

ክብደትን የማዛወር ፍላጎት በዚህ አላበቃም። በ1972 መኪናዎች ላይ የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ ከኋላ ጎማ በስተኋላ ከነበረበት ወደ ፊቱ ተዛወረ፤ የመሙያውም ክዳን በቀኝ ጎን በውጭ ተሠራ። ለሚዛን መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን የቤንዚን ቀጂዎች ክዳኑን የቤንዚን መስሏቸው በዘይቱ ላይ ቤንዚን መጨመራቸው አንዱ ምክንያት ሆኖ፥ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በወረቀት ላይ የተገኘ ሚዛን በቤንዚን ማደያ በር ላይ ጠፋ።

ባትሪዎቹም ብዙ አልቆዩም። ለ1974 በተሠሩት መኪናዎች ሁለቱ ቀርተው 66 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ ባትሪ በፊተኛው ግራ በኩል ገባ። የጎማዎቹ ርቀት ግን አልተመለሰም፤ ጥቂት ሚሊሜትር እየተጨመረበት እስከ 1998፥ ማለት በአየር የሚቀዘቅዘው 911 መሠራቱ እስከ ቀረበት ዘመን ድረስ ጸንቷል። ከስሌታችን ይልቅ ይህ ጠንካራ ምስክር ነው፤ ፋብሪካው ራሱ የትኛውን ሊተው እንደሚችልና የትኛውን እንደማይችል በሥራው ገልጿል። የሁለቱ ባትሪዎች ዘመን ያተረፈው ሌላ ነገር ቢኖር ዝገት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩትን የሚያድሱ ሰዎች የባትሪ ሣጥኖቹን አሲድ በልቷቸው ያገኟቸዋል።

ይህ ሁሉ ባትሪን ማዛወር ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ነገሩ ይገለበጣል፤ ባትሪው ወደ ኋላ ይሄዳል። የእንግሊዙ ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1974 ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችን ከመቀመጫዎቹ በስተጀርባ ይዞ ነበር፤ በ1989 የወጣው የጃፓኑ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ደግሞ ባትሪውን በኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ አደረገ። ዋጋው የሚከፈለው በሽቦ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 25 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲስብ 0.7 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ውፍረቱ ቢታጠፍ ኪሳራው በግማሽ ይቀንሳል፥ የሽቦው ክብደት ግን በእጥፍ ይጨምራል። የባትሪው ጋዝም ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ያስፈልገዋል። በወሬ ብቻ ተነሣስቶ በራሱ መኪና ላይ ባትሪ የሚያዛውር ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚያተርፈው አንድ ወይም ሁለት በመቶ መሆኑን አስቀድሞ ቢያሰላ መልካም ነው።

በ2010 ፖርሽ ለ911 ጂ ቲ 3 ክብደቱ ከ6 ኪሎ የማይሞላ የሊቲየም ባትሪ በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ በባትሪ አፍንጫውን ሲያከብድ የነበረ ፋብሪካ፥ አሁን ከዚያው ስፍራ 10 ኪሎ ለመቀነስ ደንበኛውን ገንዘብ ጠየቀው። በብርድ ጊዜ ሊቲየሙ ስለሚደክም ለገዢው የእርሳሱም ባትሪ አብሮ ይሰጠው ነበር።