ከነአስናቀች በፊት ቀሚሱን ማን ይለብስ ነበር?



ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ፈላና በር ስሄድ አንዲት ተማሪዬን አገኘኋት። ድምጿ ያምራል፤ ለሚኒ ሚዲያ ዝግጅታችን ዘፈንም ድራማም ስትለማመድ ከርማለች። «ቲቸር፣ እኔ ትቼዋለሁ። ቤት ‹አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ?› አሉኝ» አለችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ። ማታ ስለ አስናቀች ወርቁ ብነግራት ኖሮ አልኩ። እነሆ።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ነበር፤ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ግን በጣም ጥቂት ነበረች። ድርሰቱ እናት ይፈልጋል፣ ሙሽራ ይፈልጋል። ታዲያ ቀሚሱን ማን ይልበስ? ወንዶቹ ናቸዋ! የሴት ገጸ ባህሪ ሆነው ከተጫወቱት አንዱ ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩ። አዎ፣ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን ያደግነው አባባ ተስፋዬ!

ያን ታሪክ ከቀየሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ አስናቀች ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ትወና ጀመረች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ) በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙ ዘመኗን እዚያ ሠርታለች። ትተውናለች፣ ትዘፍናለች፣ ክራሯን ራሷ ትደረድራለች። ያኔ «ዘፋኝ» እና «ተዋናይ» የሚባል ግድግዳ አልነበረማ። ተመልካቹ ከድራማው ጋር ዘፈንም ይጠብቃል፤ መድረኩ ሁሉንም የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር። ከጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ሲሸነጋገሉና ሲወራረፉ ዘፈኑ ራሱ ትንሽ ቴአትር ነበር እኮ።

ሰው ግን ይህን ሁሉ ችሎታ በአንዲት ቃል ይጠቀልለው ነበር፦ «አዝማሪ»። ሙያው በመሶብ የቀረበ ያህል ይደሰትበታል፣ ስሙን ግን ስድብ ያደርገዋል። አስናቀች መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር «ታላቋ አርቲስት» ብሎ ሸኛት። «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብም 16ኛው ቁጥር የእሷ ብቻ ነው፤ ፈረንጁም ክራሯን ሰምቷል።

አሁን ኑዛዜ። ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ ሲያንጎራጉር ያገኘሁትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት «ዝም በል፣ አንተ አዝማሪ!» ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ይህን ካነበብከው ይቅርታ፣ ወንድሜ።

የወላጅ ስጋት ከንቱ ነው አልልም፤ በጥበብ እንጀራ መብላት ዛሬም ቀላል አይደለም። ትምህርቷን ትማር፣ እሱ ላይ እንስማማለን። ስድቡ ግን ይቅር።

አንቺ ልጅ፣ ሐሙስ ልምምድ አለ። ቤት እምቢ ካሉ ንገሪኝ፤ እኔ ራሴ መጥቼ ቡና እየጠጣን አነጋግራቸዋለሁ።