ስለ እርሾና ስለ ግምጃ ቤቱ በር



በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ ግምጃ ቤት የሚባል ከተማ አለ። ግምጃ ቤት ማለት በጥንቱ የመንግሥት ሥርዓት ሀብት በቁጥር ገብቶ በትእዛዝ የሚወጣበት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ሀብቱ ምንም ቢበዛ፣ በሩ ካልተከፈተ ለማንም አይጠቅምም። የዛሬው ንግግራችን በዓይን የማይታይ የአንድ ግምጃ ቤት በር እንዴት እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ነው፤ ይኸውም ግምጃ ቤት እርሾ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገራችን ባለሙያ ሴት ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾና ብቅሉን ስትጠነስስ እርሾው ሥራውን ይጀምራል። ያ የሚፈላው ነገር የሕያው ፍጥረት ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ አስረዳ። በ1883ም በኮፐንሀገን ኤሚል ሀንሰን ንጹሑን የእርሾ ዘር ከሌላው ለይቶ ማርባት ቻለ።

እያንዳንዱ እርሾ አንድ ሴል ብቻ ነው። በውስጡ ፕሮቲን ይሠራል፤ ከዚያም አንዳንዱን ወደ ውጭ ይልካል። ለምሳሌ ስኳርን የሚሰባብረው ኢንቨርቴዝ የተባለው ፕሮቲን ሥራው ከሴሉ ሽፋን ውጭ ነው። ጆርጅ ፓላዴ እንዲህ ያለው ፕሮቲን በትንንሽ ከረጢቶች ተጭኖ እንደሚጓዝ በእንስሳት ሴል አሳይቶ በ1974 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ነገር ግን ጉዞውን የሚያዝዙት ጂኖች የትኞቹ እንደ ሆኑ ገና አልታወቀም ነበር።

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ፣ ራንዲ ሼክማን የተባለ ወጣት መምህር ይህን ከእርሾ ልማር ብሎ ተነሣ። ለምርመራው ገንዘብ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ማመልከቻው ውድቅ ተደረገበት። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም።

ሼክማንና ተማሪው ፒተር ኖቪክ የተከተሉት ዘዴ እንደሚከተለው ነው። ጂናቸው የተበላሸባቸውን እርሾዎች ፈለጉ፤ እነዚህም በ24 ዲግሪ ሙቀት ደኅና ሆነው በ37 ዲግሪ የሚታመሙ ናቸው። መላኪያው የተዘጋበት ሴል መሥራቱን ሳያቆም መጠኑ ማደግ ያቆማል፤ ስለዚህም ይከብዳል። በ1979 የመጀመሪያውን ጂን አገኙ፤ ስሙም ሴክ አንድ ተባለ። ይህ ጂን የተበላሸበት እርሾ በማጉያ መሣሪያ ሲታይ፣ ከረጢቶቹ ተጭነው መውጫ አጥተው ተከማችተዋል፤ ልክ ቁልፉ እንደ ጠፋበት ግምጃ ቤት ማለት ነው። ሙቀቱ ዝቅ ሲል የተከማቸው እንደ ገና መውጣት ጀመረ። ከዚያም ከባዱን ከቀላሉ በመለየት ሌሎችን ፈለጉ፤ በ1980ም የጂኖቹ ቁጥር 23 ደረሰ።

ይህ ነገር ለጠላ ጋን ብቻ የሚጠቅም መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1993 ቶማስ ዙድሆፍ የሴክ አንድን ዘመድ በአንጎል ሴሎች ውስጥ አገኘ። ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚተላለፈውም በዚሁ ዐይነት በር ነው። ሼክማን፣ ጄምስ ሮዝማንና ዙድሆፍ በ2013 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ደግሞም ከ1987 ጀምሮ የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ ለስኳር በሽተኞች የሚሆን ኢንሱሊን በእርሾ ማምረት ጀመረ። እርሾው የሰውን መድኃኒት ሠርቶ ወደ ውጭ የሚያወጣበት መንገድ፣ ኖቪክና ሼክማን በሮቹን የቆጠሩለት ያው መንገድ ነው።

እንግዲህ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የሰው ማመልከቻ የምንመረምር ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ጉዳዩ ትንሽ ነው ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት አንድ ፊርማ ይበቃል። በጋን ሥር የምትቀረውን አተላ ማንም አያከብራትም፤ ዳሩ ግን የብዙ ሰው ሕይወት በእርሷ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።