ምራቂ፦ ከመስፈሪያው በኋላ የሚጨመር በረከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ ሾላ ገበያ ወርዳችሁ ሽንኩርት ገዝታችሁ ታውቃላችሁን? ሻጯ መዝና ከሰጠች በኋላ ገዢዋ «እስቲ መርቂልኝ» ትላታለች፤ ሻጯም ሁለት ሦስት ራስ አንሥታ ትጨምርላታለች። ይህ ጭማሪ «ምራቂ» ይባላል። በቦሌ ትልልቅ መደብሮች ግን በብዛት የምንሰማው «ቦነስ» የሚለውን ነው፤ እርሱም ከላቲን የመጣ፣ «መልካም» ማለት የሆነ ቃል ነው።

ምራቂ «መረቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አባት ልጁን መረቀ እንላለን፤ ሻጭ ለገዢ መረቀች እንላለን። የአብነት ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ ከየኔታ ሲሰናበት ተመርቆ ይሄዳል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም «ተመራቂ» ይባላል። ቋንቋችን ቡራኬንና ጭማሪ ስጦታን በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል።

ይህም በእኛ ቋንቋ ብቻ የተገኘ አይደለም። ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን ሊታረቅ በሄደ ጊዜ ፍየሎችን፣ በጎችን፣ ግመሎችን፣ ላሞችንና አህዮችን፣ በጠቅላላው ከ500 በላይ እንስሳትን አስቀድሞ ላከ (ዘፍ. 32፥14-15)። ያን እጅ መንሻ የጠራበት የዕብራይስጥ ቃል «በረከት» ከምንለው ጋር አንድ ሥር ያለው ነው (ዘፍ. 33፥11)። በአንድ ወቅት የወንድሙን በረከት የወሰደ ሰው፣ በረከት ይዞ ተመለሰ። ቅዱስ ጳውሎስም በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ከቆሮንቶስ ምእመናን የሚሰበሰበውን ርዳታ በግሪክ «ኤውሎግያ» ማለትም «በረከት» ብሎታል፤ በስስት ሳይሆን በፈቃድ እንዲሰጥም አሳስቧል (2ኛ ቆሮ. 9፥5)። እኛም እስከ ዛሬ ስጦታን «ገጸ በረከት» እንለዋለን።

ከገበያው ሥርዓት ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ምራቂ የሚመጣው መስፈሪያው ከሞላ በኋላ ነው። ሚዛን አጉድላ ሁለት ራስ ሽንኩርት የምትጨምር ሻጭ መረቀች አይባልም፤ የሰረቀችውን በከፊል መለሰች እንጂ። ኦሪትም በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሚዛን መያዝን ከልክላለች (ዘዳ. 25፥13-15)። የድሃን ደመወዝ አስቀርተን ለስለት ጥላ የምንገዛ ከሆነ እግዚአብሔርን ልንመርቅለት አንችልም።

ደግሞም ምራቂ ብቻውን አይገዛም። ምንም ሳይገዛ «መርቂልኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ሻጯ ምን ትለዋለች? ጌታችን ስለ ምግብና ስለ ልብስ ለተጨነቁት ሲያስተምር፣ አስቀድመው መንግሥቱንና ጽድቁን እንዲሹ፣ ይህ ሁሉ ግን የሚጨመርላቸው እንደሆነ ነግሯቸዋል (ማቴ. 6፥33)። የሚጨመረው እንግዲህ ምራቂው ነው። እኔ ራሴ በፈተና ሰሞን ጸሎቴን ስመረምረው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውጤት፣ ውጤት የሚል ሆኖ አገኘሁት። ቅዳሴ ቆሜ ስለ ንስሐ አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። እናንተስ በደጀ ሰላሙ ስትቆሙ ስለ ሥራ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ብቻ ለምናችሁ ተመልሳችሁ አታውቁምን? እነዚህን መለመን ነውር አይደለም፤ ዋናውን ትቶ በምራቂው ብቻ ረክቶ መመለስ ግን ኪሳራ ነው።

ከምድር ገበያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ በእግዚአብሔር ዘንድ ዋናውም ቢሆን በዋጋችን የተገዛ አይደለም፤ ዋጋውን በመስቀል ላይ የከፈለልን እርሱ ነውና።

በሚቀጥለው ጊዜ በገበያ «መርቂልኝ» ስትሉ፣ ወይም በስልካችሁ «ቦነስ» ሲደርሳችሁ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዋናውን ይዣለሁን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።