ከሥሩ በፊት የከበረ ቅጠል

በከተሞቻችን ገበያ ቀይ ሥር ከነቅጠሉ ታስሮ ሲመጣ፣ ሻጩ ወይም ገዢው ቅጠሉን ቈርጦ ከጥራጊው ጋር ሲጥለው፣ እዚያው ጉሊት ላይ ደግሞ ቆስጣ በእስር በእስሩ ተደርድሮ በገንዘብ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የዕፀዋትን ነገድ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚመሰክሩት እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ዘር የወጡ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለሥሩ ሲባል በገበሬ እጅ እየተመረጡ በብዙ ትውልድ መልካቸው ተለያየ እንጂ መደባቸው አንድ ነው። ስለዚህ ቆስጣውን ወደ ድስት፣ የቀይ ሥሩን ቅጠል ወደ ጥራጊ የለየው ልማድ እንጂ የፍጥረት ሕግ አይደለም፤ ልማዱም በዘመን ሲመዘን ቅጠሉ ከኖረበት ክብር እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው።

የተክሉ ጥንተ ዘር በሜዲቴራንያን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ጨው በነካው መሬት ላይ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፤ ሥሩ ቀጭንና እንጨታም ስለሆነ የጥንት ሰው ከእርሱ የሚሻው ቅጠሉን ነበር። ወደ ይሁዳ ንጉሥ ወደ ሕዝቅያስ ደብዳቤና እጅ መንሻ እንደ ላከ በትንቢተ ኢሳይያስ የተጻፈለት የባቢሎን ንጉሥ መሮዳክ ባልዳን፣ በስምንተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአትክልት ቦታ ነበረው፤ በዚያ የነበሩት ተክሎች ስም በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ ጽሑፉን የተረጐሙት ሊቃውንትም ከስድሳ ከሚበልጡት ስሞች መካከል የዚህን ቅጠል ስም አንብበዋል። ጦርነትንና ግብርን ብቻ ከሚተርኩልን የነገሥታት ጽላቶች ይልቅ ይህች ትንሽ ዝርዝር በእኔ ዘንድ የከበረች ናት፤ ንጉሡም እንደ ድኻው ሁሉ ቅጠላ ቅጠል በግቢው ያስተክል እንደ ነበር ትነግረናለችና።

የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ነጩንና ጥቁሩን ዐይነት ለይቶ አስታውሷል፤ በሮማውያንም ዘመን ቅጠሉ የእጅ ሥራ ሰዎች ምሳ እስኪባል ድረስ የተራው ሕዝብ ቀለብ ሲሆን፣ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ቀማሚዎች ድርሻ ነበረ። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝም ለርስቶቹ ሹማምንት ባወጣው ሥርዐት በየአትክልቱ ቦታ እንዲተከሉ ካዘዛቸው አንዱ ይኸው ተክል ነው። ወፍራሙና ቀዩ ሥር በአውሮፓ ማእድ ላይ ስሙ የተሰማው ዘግይቶ፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1597 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ ስለ ዕፀዋት ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ቅጠሉ ለሰላጣ መልካም መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ ከውቡ ቀይ ሥር ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን ለብልህ ወጥ ቤት ትቶታል።

የተክሉን ዕድል የለወጠው ስኳር ነው። በ1747 ዓ.ም. በበርሊን አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በዚህ ተክል ሥር ውስጥ ያለው ጣፋጭ ነገር ከሸንኮራ አገዳው ስኳር የማይለይ መሆኑን አረጋገጠ፤ ደቀ መዝሙሩ ፍራንዝ ካርል አሻር ደግሞ ስኳር የሚበዛበትን ነጭ ሥር እየመረጠ ካራባ በኋላ፣ በፕሩስያ ንጉሥ ርዳታ በሲሌዝያ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1802 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ዘግተው የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ስኳር ወደ ፈረንሳይ እንዳይገባ በከለከሉ ጊዜ፣ ናፖሌዎን በ1811 ዓ.ም. 32,000 ሄክታር መሬት በስኳር ሥር እንዲዘራ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በሰፊው የአውሮፓ እርሻ ቅጠሉ ከሥሩ እየተቈረጠ ለከብት ይሰጥ ወይም ለአፈሩ ይተው ጀመር፤ የገበሬውም ዐይን፣ የነጋዴውም ሚዛን ወደ ሥሩ አዘነበለ። ማርግራፍ ስኳሩን ባገኘበት በዚያው በ1747 ዓ.ም. የመርከብ ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ ድዳቸው ለሚደማና ኀይላቸው ለሚደክም መርከበኞች ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቶ መዳናቸውን አይቶ ነበር፤ ትኩስ ፍሬና አትክልት ስለሚሰጠው ጤና የተገኘው ይህ ዕውቀት ግን እንደ ስኳሩ ፋብሪካ ስላላቆመ ለመስፋፋት ብዙ ዓመታት ፈጀበት።

ሁሉም ግን ቅጠሉን አልካደውም፤ የፖላንድና የሊቱዌንያ ሴቶች ለጋ ቅጠሉን ከነአገዳው ከትፈው ከኮመጠጠ ወተት ጋር ቀዝቃዛ ሾርባ ማድረጋቸውን አልተዉም።

ምሁራን ለቅጠል ክብሩን የመለሱለት በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በ1918 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ወተትንና ቅጠላ ቅጠልን፣ የሌላውን ምግብ ጉድለት ስለሚሞሉ፣ ጠባቂ ምግቦች ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት መዝገብ እንደ ሰፈረው፣ 100 ግራም ጥሬ የቀይ ሥር ቅጠል 117 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ሲይዝ ሥሩ 16 ብቻ፣ ቅጠሉ 30 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ሲይዝ ሥሩ 5 ብቻ ይይዛል፤ ብረቱም በቅጠሉ ከሥሩ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ለዐይን የሚረዳው የቪታሚን ኤ መነሻና ደም እንዲረጋ የሚያስችለው ቪታሚን ኬም በቅጠሉ ሞልቶ ሳለ በሥሩ ከምንም የማይቈጠር ነው። ለእውነት ሲባል፣ ለነፍሰ ጡር ሴት እጅግ የሚያስፈልገው ፎሌት በሥሩ እንደሚበልጥ መናገር ይገባል፤ እንግዲህ ሁለቱን በአንድነት የሚበላ ሰው በአንዱ የጐደለውን ከሌላው ያገኛል።

ቅጠሉን ከሥሩ መቍረጥ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሳይቈረጥ ከቆየ ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ያጠወልገዋልና፤ ጥፋቱ የተቈረጠውን መጣል ነው። በቅጠሉ ውስጥ እንደ ቆስጣው ሁሉ ኦክሳሊክ አሲድ አለ፤ ይህም ካልሲየሙን ይዞ ሰውነት ሁሉን እንዳይወስድ ያደርጋል፤ በኩላሊትም ከካልሲየም ጋር ጠጠር ሊሠራ ስለሚችል የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አብዝቶ አይብላው፤ ቪታሚን ኬው ደምን ስለሚያረጋ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ይጠይቅ። በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የአሲዱን ከፊል ያስወግዳል፣ ከቪታሚን ሲው ግን አብሮ ይወስዳል። አሠራሩ የቆስጣው ነው፤ አገዳው ስለሚጠነክር ተከትፎ ቀድሞ ከሽንኩርቱ ጋር ይገባል፣ ቅጠሉ ኋላ ይከተላል። ሥሩ በቀዝቃዛ ስፍራ ሳምንታት ይታገሣል፤ ቅጠሉ ግን ቶሎ ስለሚጠወልግ በተገዛበት ቀን ወይም በማግስቱ መሠራት አለበት።